ክረምት ሳይገባ፦ የቆዩ የኮምፒውተር መጽሔቶችን ወደ ኦንላይን ማህደር ማስገባት

ባሕር ዳር ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ይሁን ዳንግላ፣ የቆየ ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ቀድሞ የሚወጣው ወረቀት ነው። ከወረቀቱም ቀድሞ የሚጣለው «ጊዜው አልፎበታል» የተባለው የኮምፒውተር መጽሔት ነው። የ30 ዓመት የሕግ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የ30 ዓመት የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) ማስተማሪያ ግን የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ካርቶን እጁ ለገባና ወደ ኦንላይን ማህደር ለማስገባት ለቆረጠ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ስካን የተደረገ ሁሉ ከመጥፋት ድኗል ማለት አይደለም። ገጹ ጎድሎ፣ ማስታወቂያው ተዘልሎ፣ ወሩ ሳይጻፍ የተጫነ መጽሔት ግማሹ ጠፍቷል። የከፋው ደግሞ «ይህ ገብቷል» ተብሎ ወረቀቱ ስለሚጣል ቀሪውን ግማሽ መልሶ የሚያገኘው አለመኖሩ ነው።

ምኑን እናስቀድም?

ካርቶኑ ውስጥ ባይት፣ ኮምፒዩት ወይም ፒሲ ማጋዚን የተባሉትን የአሜሪካ የኮምፒውተር መጽሔቶች ካገኛችሁ ስካነሩን ከመክፈታችሁ በፊት ኢንተርኔት አርካይቭ (ማንም ሰው ፋይል የሚጭንበት ነፃ የኦንላይን ማህደር) እና ጉግል ቡክስ ላይ ፈልጓቸው። ባይት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1975 እስከ ጁላይ 1998፣ ኮምፒዩት ከ1979 እስከ 1994 ሲታተሙ ቆይተዋል፤ አብዛኛው እትማቸው ቀድሞ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው ፒሲ ማጋዚንም ብዙ እትሞቹ ጉግል ቡክስ ላይ ይነበባሉ። ስለዚህ ለእነዚህ የእናንተ ሥራ ማመሳከር ነው። ገጹን ቁጠሩ፤ የሽፋኑን ውስጠኛ ገጾች እዩ፤ መሀል የሚገባው የፖስታ ካርድ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። የጎደለ ገጽ ካገኛችሁ ያንን ብቻ ስካን አድርጎ ማሟላት ሙሉ መጽሔቱን እንደገና ከመጫን የበለጠ ይጠቅማል።

ጉልበታችሁን ለአማርኛው አቆዩት። ከኮምፒውተር ማሰልጠኛዎች የቀሩ የዶስ፣ የወርድፐርፌክትና የሎተስ (የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች) ሞጁሎች፣ የኮምፒውተር አምድ ያላቸው የአማርኛ መጽሔቶች፣ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች መመሪያዎች፦ እነዚህ በጥቂት ቅጂ የተባዙ ስለሆኑ እጃችሁ ላይ ያለው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። በፎቶ ኮፒ የተባዛና በሽቦ የተጠረዘ መሆኑ አያስንቀው።

ማስታወቂያ አትዝለሉ። ኮምፒውተር በስንት ብር ይሸጥ እንደነበር፣ የአማርኛ መጻፊያው በስንት ዲስኬት ይመጣ እንደነበር፣ ጥገናውን ማን ይሠራ እንደነበር ከርዕሰ አንቀጹ ይልቅ የሚነግረን ማስታወቂያው ነው። ባዶ ገጽም ቢሆን ስካን ይደረግ፤ ቁጥሩ ሲጎድል አንባቢ የጠፋ ገጽ ያለ ይመስለዋልና።

እርጥበት

ስካን ለማድረግ ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጎጃም፣ ይልቁንም ጣና ዳር፣ ቤት ውስጥ ያለው አየር ወረቀት ያረጥባል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይነሳል። የረጠበ ገጽ ደግሞ ስለሚያብጥና ስለሚሞገድ ስካነሩ መስታወት ላይ አይተኛም። ካርቶኑን በቀጥታ መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ምስጥም እርጥበትም የሚገባው ከታች ነው። ከግድግዳም አንድ ጋት ያህል አርቁት።

ሻጋታ የያዘውን ለብቻው ለዩ። ማስክና ጓንት አድርጋችሁ፣ ውጭ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ለ2 ቀን አናፍሱት። ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ከመሀል ወደ ዳር ጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሻጋታውን ወደ ወረቀቱ ውስጥ ያሰርገዋል። እርጥብ እያለ መቦረሽም ያው ነው።

ከሻጋታ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ ነው። የሚያብረቀርቀው የመጽሔት ወረቀት ላዩ ካኦሊን በሚባል ነጭ የሸክላ አፈር የተለበጠ ነው። ውኃ ሲነካው ልባጩ ይሟሟል። ገጽ በገጽ ላይ እንደተጫነ ከደረቀ ጠቅላላው እንደ ጡብ አንድ ይሆናል፤ ሊለያዩት ሲሞክሩ የአንዱ ገጽ ጽሑፍ ተገሽልጦ ሌላው ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ መፍትሔ የለውም። ስለዚህ ያብረቀረቀ ወረቀት ከረጠበ በሰዓታት ውስጥ፣ ገና እርጥብ እያለ፣ ቅጠል በቅጠል ለያይቶ በየመሀሉ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ማስገባት ይገባል። መጽሔቱ ብዙ ከሆነና እጅ ካጠረ በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ጊዜ ይገዛል፤ በረዶ የሆነ ገጽ አይጣበቅም። እንደ ጋዜጣ ያለው ተራ ወረቀት ግን ይህን ያህል አያስቸኩልም፤ በገመድ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ይበቃዋል።

ሽቦና ኮላ

በመሀሉ በሽቦ የተሰፋ መጽሔት ዕድለኛ ነው፤ ሳይቆረጥ ይፈታል። መሀሉን ገልጣችሁ የታጠፉትን የሽቦ ጫፎች በደነዘዘ ቀጭን ቢላዋ ቀና አድርጉ፤ ከዚያ ከጀርባ በኩል ሳቡት። በስቴፕል መንቀያ አትጎትቱ፤ የዛገ ሽቦ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ዝገቱ ከወረቀቱ ጋር ከተጣበቀ ሽቦውን ከመሀሉ በመቁረጫ ጉጠት ቆርጦ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻ ማውጣት ይሻላል።

ሲፈታ ገጾቹ በተከታታይ ቁጥር አይመጡም። 64 ገጽ ያለው መጽሔት 16 ሰፋፊ ቅጠል ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል 4 ገጽ ይይዛል። በአንድ ቅጠል አንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 65 ይሆናሉ፦ 64 እና 1፣ 2 እና 63፣ መሀሉ ላይ 32 እና 33። ይህን ድምር ያዙት። ቅጠል ሲገለበጥ ወይም ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃችኋል።

በኮላ የተጠረዘው ከበድ ይላል። የቆየ ኮላ ስለሚሰነጠቅ ሲገልጡት ራሱ ይበተናል፤ እንዲህ ከሆነ ቅጠሉን አንድ በአንድ መላጥ ይቻላል። ያልደረቀውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ያላቅቀዋል። ጀርባውን በወረቀት መቁረጫ ማሽን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር መቁረጥ ፈጣኑ መንገድ ነው። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው፦ ሌላ ቅጂ መኖሩ ካልተረጋገጠ አይቆረጥም። ከአንድ በላይ ካለ የተጎዳው ይቆረጥ፣ ደህናው ይቀመጥ።

ስካን ማድረግ

የመጽሔት ፎቶ በማጉያ መነጽር ሲታይ በረድፍ የተደረደሩ የሲያን፣ የማጀንታ፣ የቢጫና የጥቁር ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። ጥሩ ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች ከ133 እስከ 150 ረድፍ ይሆናሉ። ስካነሩም የሚያነበው በራሱ ረድፍ ነው። ሁለቱ ረድፎች ሳይገጥሙ ሲቀሩ በሰው ፊትና በሰማይ ላይ እንደ ሐር ጨርቅ የሚሞገድ ጥለት ይወጣል፤ ሞዋሬ ይባላል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ በደንብ አይወጣም።

ስለዚህ በ600 ዲፒአይ፣ በ24 ቢት ቀለም፣ ከሥዕሉ ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በቲፍ ፋይል አስቀምጡ። ጥለቱን የምታጠፉት በኋላ ቅጂው ላይ ነው፤ ትንሽ አደብዝዞ ወደ 300 ዲፒአይ ማሳነስ ነጠብጣቦቹን ያዋህዳቸዋል። ስካነሩ ራሱ ነጠብጣብ የሚያጠፋበት ምርጫ አለው፤ አትንኩት። ሥዕሉን ሲያለሰልስ ትንንሹን ፊደልም አብሮ ይበላል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። ንፅፅር በራሱ የሚያስተካክለውንም አጥፉት።

ክብደቱን አስቡበት። የኤ4 ገጽ በዚህ ልክ 4960 በ7016 ነጥብ ነው፤ ሳይታመቅ ወደ 104 ሜጋባይት ይይዛል። የ64 ገጽ መጽሔት ሽፋኑን ሳይጨምር 6.7 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 150 መጽሔት ይይዛል ማለት ነው። በቲፍ ውስጥ ኤልዜድደብልዩ የተባለውን ማመቂያ መጠቀም ይቻላል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ከሥዕሉ ምንም አይቀንስም።

የስካነሩ ዓይነት ልዩነት አለው። ቀጫጭኖቹና ርካሾቹ ሲአይኤስ የሚባሉት ናቸው፤ መስታወቱን በደንብ ያልነካ ነገር ይደበዝዝባቸዋል። ስለዚህ ሳይፈታ በተገለጠ መጽሔት ላይ የመሀሉ ጠርዝ አይነበብም። ወፍራሞቹ፣ ሲሲዲ የሚባሉት፣ ትንሽ ከፍ ያለውንም ያያሉ። ነገር ግን ሲአይኤሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ በሚያገኘው ኃይል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። መጽሔቱን ፈትታችሁ ቅጠሉን ጠፍጣፋ ካደረጋችሁት የሲአይኤስ ድክመት ይቀራል፤ ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ወረቀቱ ስስ ሆኖ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ካለፈ ከኋላው ጥቁር ካርቶን አድርጉ። ነጭ ክዳን ብርሃኑን መልሶ የጀርባውን ቀለም ያሳያል፤ ጥቁሩ ግን ይውጠዋል። ወረቀት ራሱ በሚስብ ስካነር ከሠራችሁ በየ20 ቅጠሉ ጠባቧን የመስታወት መስመር ጥረጉ። እዚያ ያረፈች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገጹ አናት እስከ ግርጌ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምራለች፤ 40 ገጽ ካለፈ በኋላ ማየት ያናድዳል።

በስልክስ? ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ 4000 በ3000 ነጥብ ነው፤ የኤ4 ገጽ ሙሉ ፍሬሙን ቢሞላ በአንድ ኢንች ወደ 340 ነጥብ ይደርሳል። ለተራ ጽሑፍ ይበቃል። ስልኩ በማቆሚያ ይታሰር፤ ገጹ ላይ ንጹሕ መስታወት ይጫን፤ ብርሃኑ ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ ይምጣ፤ ፍላሽ አይብራ። «ሰነድ ማሳመሪያ» የሚሉት አፖች ገጹን ነጭ ለማድረግ ሲሉ ፎቶውን ያቃጥላሉ፤ በተራው ካሜራ አንሱ።

የፕሮግራም ዝርዝር ያለበት ገጽ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጡ መጽሔቶች በቤዚክ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በገጽ ላይ ያትሙ ነበር፤ አንባቢው በእጁ ይጽፈዋል። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌር እዚያ ላይ ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከትንሿ ኤል፣ ስምንትን ከቢ ያምታታል። ኮምፒዩት ከፕሮግራሙ ጎን በየመስመሩ ማረጋገጫ ኮድ ያትም ነበርና ያ ጠርዝ ተቆርጦ እንዳይቀር።

አማርኛውና ዲስኬቱ

ኢንተርኔት አርካይቭ ፊደል የሚያነበው ቴሰራክት በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ቴሰራክት አማርኛ ያውቃል። ግን ቋንቋውን እናንተ ካልነገራችሁት ገጹን እንደ እንግሊዝኛ አንብቦ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ያወጣል። ስትጭኑ የቋንቋውን መስክ አማርኛ አድርጉ።

አነባቡ ፍጹም አይደለም። በ9 ነጥብ መጠን የታተመ ፊደል በ300 ዲፒአይ ቁመቱ ወደ 37 ፒክስል ነው። «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ቅጥያ ከዚያ ውስጥ ጥቂት ፒክስል ብቻ ናት። ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ሞጁል ላይ ያቺ ቅጥያ ትጠፋና ካዕቡ ግዕዝ ሆኖ ይነበባል። 600 ዲፒአይ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ፍለጋውም ይቸግራል፦ አንዱ መጽሔት «ዓለም» ሲል ሌላው «አለም» ይላል። ርዕሱን እንደታተመው ጻፉ፤ ሌላውን አጻጻፍ ቁልፍ ቃላቱ ውስጥ ጨምሩ።

ካርቶኑ ውስጥ ዲስኬት ካለ ከወረቀቱ በፊት እሱን አድኑ፤ መግነጢሱ ከቀለም ይልቅ ቶሎ ያረጃል። ባለ 3.5 ኢንቹን ከማስገባታችሁ በፊት መጻፍ የሚከለክለውን ቀዳዳ ክፍት አድርጉ። ብረቱን ገፍታችሁ ዲስኩን በብርሃን እዩ፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ሻጋታ ነው። ሻጋታው ማንበቢያውን ያበላሻል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ዲስኬት ይቧጭራል። ፋይል በፋይል አትቅዱ፤ ሙሉ ዲስኩን በአንድ የዲስክ ምስል ፋይል (ፎቶ ሳይሆን የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ) አውጡት። ባለ 1.44 ሜጋባይቱ ዲስኬት በትክክል ከወጣ ፋይሉ 1,474,560 ባይት ነው። ከዚያ ካነሰ ያልተነበበ ክፍል አለ።

ከዲስኬቱ የአማርኛ ጽሑፍ ሲወጣ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተሞላ ይሆናል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሎቹን በላቲን ኮዶች ላይ በራሱ ቅደም ተከተል ይደረድር ነበር። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስለሌለው ሙሉው ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ አይገባም፤ ለሁለት ፎንት የተከፈለበትም አለ። ስለዚህ ያ ጽሑፍ የሚነበበው ከራሱ ፎንት ጋር ብቻ ነው። ፎንቱን ካገኛችሁ ከጽሑፉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ሰንጠረዥ የሚሠራው ከእሱ ነው።

ቀንና ስም

የብራና ጸሐፍት መጨረሻው ቅጠል ላይ ያስጻፈውን ሰውና ዘመኑን ይጽፉ ነበር። የእኛ ፋይልም ያለዚያ ቤት አልባ ነው። የመጽሔቱ ስም፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ወር፣ ዓመት፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ከተማ፣ የገጽ ብዛት፣ የጎደለ ገጽ ካለ የትኛው እንደሆነ፦ ይህ ሁሉ ይጻፍ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ሽፋኑ «ታኅሣሥ 1986» ይላል እንበል። የቀን መስኩ ላይ 1986 ብላችሁ ከጻፋችሁ ማሽኑ እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ከዘመኑ 7 ዓመት አስቀድሞ ይደረድረዋል። ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. የሚውለው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 1993 እስከ ጃንዋሪ 8 ቀን 1994 ነው። መስኩ ላይ የወሩን መጀመሪያ ይዛችሁ 1993-12 ጻፉ፤ ርዕሱ ውስጥ ግን «ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም.» እንዳለ ይቀመጥ። «ነሐሴ እና ጳጉሜን» ተብሎ በአንድ የወጣ እትምም አንድ እትም ነው፤ ለሁለት አይከፈልም።

የገጽ ፋይሎቹን በሦስት አኃዝ ሰይሟቸው፦ 001፣ 002፣ 003። ዜሮው ከሌለ 10 ከ2 በፊት ይመጣና መጽሔቱ ይዘበራረቃል።

መብትና ጭነት

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የምንነጋገርባቸው የአማርኛ መጽሔቶች በአብዛኛው ባለቤት አላቸው። አሳታሚውን ፈልጉና በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። እሺ ካሉ ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ። ካልተፈቀደ ስካኑን ለብቻ ይዛችሁ የርዕስ ማውጫውን ብቻ አውጡ፤ ተመራማሪ ቢያንስ መጽሔቱ መኖሩን ያውቃል።

ስትጭኑ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ብቻ አትስጡ። የገጾቹን ምስል በአንድ ዚፕ አድርጋችሁ የዚፑን ስም መጨረሻ ከሥር ሰረዝ ቀጥሎ ኢሜጅስ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (_images.zip) ጨርሱት፤ ኢንተርኔት አርካይቭ ይህን ሲያይ ፒዲኤፉንና የሚፈለገውን ጽሑፍ ራሱ ያዘጋጃል። የአድራሻ መለያው አንዴ ከተፈጠረ ስለማይለወጥ የመጽሔቱን ስም፣ ዓመትና ቁጥር የያዘ ይሁን።

መስመሩ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ 1 ጊጋባይት ለመጫን ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገጹ 2 ሜጋባይት ጄፔግ ቢሆን ግን የ64 ገጽ መጽሔት በ9 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በቀን ይህን ጫኑ፤ ቲፉን በሌሊት። አይኤ (ia) የተባለው የኢንተርኔት አርካይቭ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ መስመር ሲቆረጥ ደጋግሞ እንዲሞክርና የተጫነውን እንዲዘል ሊታዘዝ ይችላል፤ ከብራውዘር ይልቅ እሱን ልመዱ።

ኦንላይን ያለው ብቸኛው ቅጂ መሆን የለበትም። በኦክቶበር 2024 ኢንተርኔት አርካይቭ በሳይበር ጥቃት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ሁለት ሃርድ ዲስክ ይኑር፤ አንዱ ባሕር ዳር ከሆነ ሌላው ደብረ ማርቆስ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 የተባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን የማረጋገጫ ቁጥር አውጡና በዓመት አንድ ጊዜ አወዳድሩ። ቁጥሩ የተለወጠበትን ፋይል ከሌላው ዲስክ መልሱ።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። የዛገውን ሽቦ መልሳችሁ አትስፉበት። ቅጠሎቹን በድምራቸው ደርድራችሁ በነባሮቹ የሽቦ ቀዳዳዎች ነጭ የጥጥ ክር አስገቡ፤ ቋጠሮው በውስጥ በኩል መሀል ገጹ ላይ ይዋል። ሽፋኑን አልብሱት፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት፤ ስሙንና ወሩን መጠቅለያው ላይ በእርሳስ ጻፉና በጀርባው አስተኝታችሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።